ከልጄ በፊት ፊደል አልቆጥርም

ባለፈው ጥር አንድ ማለዳ ስልኬ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ያለው መልእክት ገባ። «ክሩ ተበጠሰ» ይላል። ባለቤቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችውና የምን ክር ነው ደግሞ አለችኝ። የላከችው ስንዱ ነበረች፤ እናቷ እትዬ አሰገደች ዐርፋለች ማለቷ ነው። ስንዱ መስማት ስለማትችል አትደውልም፤ ትጽፋለች። በእሷና በእናቷ ቋንቋ ደግሞ ሰው ሲሞት የሚባለው እንደዚያ ነው። ሁለት ጣት ይያያዝና ድንገት ይለያያል።

ያ ቋንቋ የተወለደው ደብረ ብርሃን፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ በጊዜው ሊያጠፉት ከሞከሩት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ይህን ሳልደብቅ ልጀምር። እትዬ አሰገደች ብትኖር ኖሮ እሱን አትዝለለው፣ ጻፈው ትለኝ ነበር።

«ጻፈው» ከአፏ የማይጠፋ ቃል ነበር። ነጋዴው ነገ አመጣልሻለሁ ሲላት ጻፈው፣ ካቦው በሚቀጥለው ሳምንት ፈረቃሽ ይቀየራል ሲላት ጻፈው፣ ቄሱ እንኳ ስምሽን በጸሎት አስባለሁ ሲሏት ይጻፉት አባቴ ትላለች። የሚያስቀው ነገር እሷ ራሷ ሀን ከለ አትለይም ነበር። ወረቀቱን ተቀብላ አራት ላይ ታጥፍና ደረቷ ውስጥ ትሸጉጠዋለች። ቁመቷ አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ ነው። በኅዳር ውርጭ እንኳ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ነው የምትሄደው። እጆቿ ከሱፉ ቅባት የተነሣ ሁልጊዜ ያብረቀርቃሉ። ሰው ስታናግር አገጯን ቀና ታደርጋለች፤ ከእሷ በአንድ ክንድ የሚረዝም ሰው ሳይቀር ከታች ሆኖ የሚያያት ይመስለዋል።

የመጣችው ከሰላ ድንጋይ ገጠር ነው። ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ አንድ ቀን ደብረ ሲና ወርዶ እዚያው ሌላ ትዳር ያዘ። ስለ እሱ ስትጠየቅ ከጣርማ በር ወዲያ የወረደ ዕቃ አልከታተልም ከማለት ሌላ ነገር አትናገርም።

ስንዱ የተወለደችው ደህና ሆና ነው። በሦስት ዓመቷ ማጅራት ገትር ያዛት፤ ከሞት ተረፈች፣ ጆሮዋ ግን አልተረፈም። ትናገራቸው የነበሩት ጥቂት ቃላት በወራት ውስጥ አንድ በአንድ ጠፉ። እናቷ አንኮበር ድረስ ይዛት ሄዳ ሁለት ጊዜ ጠበል አስጠምቃታለች። ጎረቤት ሦስተኛ ጊዜ ውሰጃት ሲላት፣ ጠበሉ ልጄን ከሞት አትርፎልኛል፣ የእሱን ሥራ ጨርሷል፣ የቀረው የኔ ፈንታ ነው ብላ መለሰች። የቀረው ምን እንደሆነ ግን ለሁለት ዓመት አላወቀችውም። ልጅቷ የምትፈልገውን የምትገልጽበት መንገድ ስላልነበራት እየጮኸች የራሷን እጅ ትነክስ ነበር። ጠባሳው ዛሬም አለ።

መንገዱ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ሽመና ክፍል ውስጥ ማሽኖቹ ሲነሡ ሰው የራሱን ድምፅ እንኳ አይሰማም፤ ስለዚህ ሠራተኞቹ የሚያወሩት በእጅ ነው። ማንም አላስተማራቸውም፣ ሥራው ያወጣው ነው። ሁለት ጣት አያይዞ መለያየት ክሩ ተበጠሰ ነው። መዳፍን ግንባር ላይ እንደ ባርኔጣ መዘርጋት ካቦው መጣ ማለት ነው። ጡጫን በመዳፍ መሸፈን ማሽኑ ይቁም ነው። ከዚያም አልፎ ማን እንዳገባ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ሳይቀር ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ይተላለፋል። አንድ እሑድ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ቤቷ መጥታ ሳለ፣ የተጣደው ወተት ሊገነፍል ሆነና እትዬ አሰገደች ሳታስበው ግቢውን አሻግራ በእጇ «ይቁም» አለቻት። ዞር ስትል ስንዱ ደጃፉ ላይ ቆማ ጡጫዋን በመዳፏ ሸፍናለች።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ፋብሪካው ቤቷ ገባ። በዓመት ውስጥ እናትና ልጅ የማያወሩት ነገር አልነበረም። ማሽኑ ቆመ ማለት መተኛት ሆነ፤ ክሩ ተበጠሰ ማዘንም መሞትም ሆነ። የፋብሪካው ምልክት ያልደረሰበትን ነገር ራሳቸው እየፈጠሩ ሞሉት። ልጅቷ እጇን መንከሷን ተወች።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲጀመር እኔ የሃያ ዓመት አዲስ አስተማሪ ነበርኩ፤ የአንዱን ቀበሌ ጣቢያ ያዝ ተባልኩ። ሊቀ መንበሩ አንዲት ነገር ብቻ ነበር የሚያልመው። ቀበሌው በር ላይ አንድም መሃይም የለም የሚል ሰሌዳ ከሌሎቹ ቀበሌዎች ቀድሞ መስቀል። ዝርዝሩ ሁለት ዓምድ ነበረው። በአንዱ የሚማሩ፣ በሌላው የማይቆጠሩ ይጻፋሉ። የማይቆጠሩት በጣም ያረጁ፣ አእምሯቸው የታመመ፣ ዓይናቸው የማያይ፣ ጆሯቸው የማይሰማ ናቸው። ሰውን እንዲህ ለሁለት ማን እንደከፈለው አላውቅም፤ እኔ ግን አንዴም አልጠየቅሁም።

እትዬ አሰገደች ለምዝገባ ስትመጣ የዘጠኝ ዓመቷን ስንዱን በእጇ ይዛ ነበር። ሁለት ሰው ጻፍ አለችኝ። የእሷን ስም ከሚማሩት ዓምድ፣ የልጅቷን ከማይቆጠሩት አሰፈርኩ። የት ላይ ጻፍካት አለችኝ። ነገርኳት። ጣቷን በምራቋ አርሳ የራሷን ስም፣ ያውም የት እንዳለ ስለማታውቅ እኔኑ አሳየኝ ብላ፣ አሸችው። ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ተዝረከረከ።

«ከልጄ በፊት ፊደል አልቆጥርም» አለችና ወጣች።

መጀመሪያ የመሰለን ነገር በሳምንት ይበርድላታል ነው። አልበረደላትም። አንድ ሰው ካልተማረ ደግሞ ሰሌዳው አይሰቀልም። የኅብረት ሱቁ ስኳርና ሳሙና ሲያከፋፍል ስሟን መዝለል ጀመረ፤ ሻይዋን ያለ ስኳር ጠጣች፣ ልብሷን በእንዶድ አጠበች። ቀበሌ ተጠርታ ሦስት ቀን ታሰረች፤ ከእስር ስትወጣ በቀጥታ ወደ ፈረቃዋ ሄደች። ያን ጊዜ ሰው ከዚያ ባነሰ ነገር ይጠፋ ነበር። ጎረቤቶቿ ከእሷ ጋር ቆሞ መታየት ፈሩ። እኔም በሌላ መንገድ ዞሬ የሄድኩባቸው ቀናት ነበሩ።

ከዚያ ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀ መንበሩ ስሟን ሳይጠራ፣ ከመካከላችን አንዳንድ ፀረ አብዮት አቋም የያዙ አሉ እያለ ሲናገር ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። እትዬ አሰገደች ከሴቶቹ መሀል ተነሣች።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እዚያ ግድግዳ ላይ ያለው ጽሑፍ ላብ አደሩ ይማራል የሚል ነው አሉ፤ አስተማሪው ነው ያነበበልኝ። ላብ አደሩ እኔ ነኝ፣ ይኸው እጄ። እኔ ደግሞ ልጄ ሳትጻፍ አልማርም ብያለሁ። ልጄ ሰው ናት ወይስ አይደለችም፣ እሱን ይንገሩኝ። ሰው ካልሆነች እዚሁ ጉባኤ ፊት ይጻፉልኝ።»

ያን ዓረፍተ ነገር በጽሑፍ ሊያሰፍር የሚደፍር ሰው አልነበረም። ሊቀ መንበሩ ጉዳዩ ይጠናል ብሎ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ተሻገረ።

እዚህ ላይ ነው እኔ ብልህ ነኝ ብዬ የገባሁት። ስንዱን ሳልመዘግብ ክፍል ላስቀምጣት፣ እናቲቱም ትለዝባለች ብዬ አሰብኩ። ነገር ግን ከመምህራን ማሠልጠኛ ይዤው የወጣሁት አንድ እምነት ነበረኝ፤ መስማት የተሳነው ልጅ እጁን ካስለመደ አፉ አይፈታም የሚል። ማን እንዳስተማረኝ እንኳ ዛሬ አላስታውስም። ስንዱን ከፊት አስቀመጥኳትና እጆቿን ከጭኗ ሥር አድርጋ እንድትቀመጥባቸው አሳየኋት። አፌን እያየች ሀ እንድትል ነው የምፈልገው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እጆቿ ላይ ተቀምጣ አፌን አየች። አንድ ድምፅ አልወጣትም። በኋላ ስሰማ ቤት ገብታ ለእናቷ ስለ እኔ የነገረችው መዳፏን ግንባሯ ላይ ዘርግታ ነው። ስሜ ካቦው ሆኗል።

እትዬ አሰገደች ይህን ሰምታ አልመጣችብኝም። በዚያው ወር አስተማሪዎች ከላብ አደሩ ጋር እንዲተዋወቁ ተብሎ ፋብሪካውን እንድንጎበኝ ተወሰድን። ሽመና ክፍል ስንገባ ድምፁ እንደ በረዶ ውሽንፍር ወረደብኝ። አፌን ከፈትኩ፣ የምናገረውን ግን እኔም አልሰማሁትም። እሷ ከማሽኗ ኋላ ቆማ አየችኝ። ለጎረቤቷ በእጇ አንድ ነገር አለች፤ ያችኛዋ ለሚቀጥለው አሳለፈች፤ በአፍታ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ያሉ ሠራተኞች ሁሉ እያዩኝ ይስቃሉ። ስለ እኔ ነው የሚያወሩት፤ ምን እንደሚሉ ግን አላውቅም። የምገባበት ጠፋኝ። የተማርኩት እኔ፣ አፍና ጆሮ ያለኝ እኔ፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ደንቆሮው እኔ ነበርኩ።

ወደ እኔ መጣችና ክንዴን ይዛ እጆቼን ከኋላዬ አጣመረቻቸው። ጆሮዬ ሥር ተጠግታ እየጮኸች የተናገረችው በድምፁ ውስጥ አልፎ ደረሰኝ።

«በል አሁን በአፍህ ውሃ ለምነኝ።»

ከዚያን ቀን በኋላ ጠባዬ ሁሉ ተስተካከለ አልልም። ኩራቴ እንደ ቆሰለ ሰነበተ። ግን ሰኞ ዕለት ስንዱ መጥታ እጆቿን ከጭኗ ሥር ልትከት ስትል ይዤ አወጣኋቸው። ግራ ገብቷት አየችኝ። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን የውሃ ጽዋ አነሣሁና ውሃን በእጅሽ እንዴት ትያለሽ ብዬ በምልክት ጠየቅኋት። አሳየችኝ። ወረቀት ላይ ውሃ ብዬ ጻፍኩና ጽዋው ላይ ለጠፍኩት። ወረቀቱን አየች፣ ጽዋውን አየች፣ እንደገና ምልክቱን ሠራች። ከዚያ ተነሥታ በሩን ደበደበችና ብዕሬን እያመለከተች ጠበቀችኝ። በር ብዬ ጻፍኩላት። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ስም ያልተለጠፈበት ነገር አልቀረም፤ የአንድ ሽማግሌ ተማሪ ኮት ላይ ሳይቀር ለጥፋለች።

እኔ ምንም አልሠራሁም ብል ትሕትና አይደለም። ቋንቋው ተሠርቶ አልቆ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት፣ ስለ ሁሉ ነገር ማሰብና መጠየቅ የምትችል ልጅ ነበረች የመጣችልኝ። እናቷ በጊዜ ቃል ባትሰጣት ኖሮ ወረቀቱን የምለጥፍበት ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ አላገኝም ነበር። ይህን ያወቅሁት ከእሷ በኋላ ባስተማርኳቸው ሌሎች መስማት የተሳናቸው ልጆች ነው፤ ማንም በምንም ቋንቋ ሳያናግራቸው አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷቸው በመጡት። እነሱን ሳስብ ዛሬም እናደዳለሁ።

የዘመቻው ዙር ሲያልቅ ከአውራጃ ፈታኝ መጣ። ሊቀ መንበሩ ሰሌዳውን አስጽፎ ጨርሷል፤ እትዬ አሰገደች ብቻ ናት የቀረችው። ስንዱ ትፈተን አልኩ። ፈታኙ ጮክ ብሎ ማንበብ የማይችል ሰው እንዴት ይፈተናል አለ። በእጇ ታነባለች፣ እናቷ ትተረጉማለች አልኩት። እያመነታ ተስማማ። እናቲቱን ጀርባዋን ለጥቁር ሰሌዳው አዙራ አቆማትና ከመጽሐፉ ውጪ የሆነ ዓረፍተ ነገር በራሱ እጅ ጻፈ። ከተራራው ላይ ነጭ በግ ወረደ የሚል ነበር።

ስንዱ ረጅም ጊዜ አየችው። የዓመቱ ስኳር፣ እስሩ፣ ስብሰባው ሁሉ እዚያች ሰሌዳ ላይ ነው ያለው። ልጅቷ ዛሬ ከወደቀች ሊቀ መንበሩ ሁለተኛ ስሟን የሚያነሣ አይደለም። ከዚያ ስንዱ እጆቿን አነሣች።

«ከጋራው ነጭ በግ ወረደ ትላለች» አለች እትዬ አሰገደች።

ፈታኙ ተራራ ነው እንጂ የሚለው ጋራ አይደለም አለ። እናቲቱ ራሷ አንብባ ቢሆን ተራራ ትል ነበር አልኩት፤ እሷ ያየችው የልጇን እጅ ነው፣ እጅ ደግሞ ጋራም ተራራም ነው። ሰውየው አሁንም አልተዋጠለትም። እናቲቱ ናት የምታነበው፣ ቀድማ ሰሌዳውን ሳታየው አልቀረችም አለ። ያን ጊዜ ሊቀ መንበሩ ከተቀመጠበት ተነሣ። ዓመቱን ሙሉ በእሷ የተቃጠለው ሰውዬ መሐላ ሊገባ ምንም አልቀረውም ነበር። ይህች ሴት አንድ ፊደል አታውቅም፣ ላለማወቋ ማስረጃ የሚሆን ሦስት ደብዳቤ ጽፌባታለሁ፣ ታስራበታለች፣ ቀበሌው በሙሉ ምስክር ነው እያለ ተናገረ።

እትዬ አሰገደች አገጯን ቀና አድርጋ አዳመጠችው። ሲጨርስ ፈታኙ እንግዲያው አልፋለች አለ፤ እሷም ወደ እኔ ዞራ «ጻፋት» አለችኝ።

ጻፍኳት። የማይቆጠሩ ከሚለው ዓምድ ሰርዤ፣ ከሚማሩት ዓምድ፣ ያውም ካለፉት ጋር።

ስኳሯን መለሱላት። ፊደል መቁጠሩንም ጀመረች፤ እኔ ዘንድ ግን አልመጣችም። ማታ ማታ የምታስተምራት ልጇ ነበረች። ምልክት ታሳያታለች፣ ቃሉን ትጽፍላታለች፣ ስትሳሳት እጇን በጣቷ መታ ታደርጋታለች። ከዓመት በኋላ ምስክር ወረቀቷን ስትቀበል ያነበበችውን ሁሉ ጣቶቿ አብረው እያነበቡት ነበር። እስከ እርጅናዋ ጋዜጣ ስታነብ እጆቿ አያርፉም ነበር። ስንዱ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ እናቷ በሠራችበት ሽመና ክፍል ተቀጠረች፤ እዚያ ቤት ከማንም የምታንስበት ነገር አልነበረም። እኔን እስከ ዛሬ የምትጠራኝ መዳፏን ግንባሯ ላይ ዘርግታ ነው፤ ይገባኛል ብዬ ተቀብየዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ ታሪኩ የኔው ቤት መጣ። የልጄ ልጅ ስትወለድ ጀምሮ አትሰማም ነበር። ሐኪሞቹ ጆሮዋ ውስጥ በቀዶ ጥገና ድምፅ የሚያስተላልፍ መሣሪያ እንዲተከልላት ወሰኑ፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። አንድ ዐዋቂ ነኝ ባይ ልጄን እስከዚያው በእጅ እንዳታናግሯት፣ አፏ ይሰንፋል ብሏታል። ስትነግረኝ የሃያ ዓመቱን ጎረምሳ፣ ራሴን፣ የሰማሁት መሰለኝ። ተነሡ አልኩና ደብረ ብርሃን ወሰድኳቸው። እትዬ አሰገደች ያን ጊዜ ዓይኗ ደክሟል፣ እጅጌዋ ግን እንደ ተሰበሰበ ነው። መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ሁለት ጊዜ አስነገረችንና እሰይ አለች፣ ይግባላት፣ ደስ ይበላችሁ። ከዚያ ሕፃኗን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«መሣሪያው እስኪመጣ ይህች ልጅ ከማን ጋር ታውራ? እናቷ የምትላትን ሳታውቅ ቁጭ ብላ ወረፋ ትጠብቅ? ቋንቋ ይግባላት እንጂ በየት በኩል እንደ ገባ ማንም አይጠይቃትም።»

መሣሪያው ተተከለላት። በእጅ ስታወራ የቆየች ልጅ ስለሆነች የምትለው ነገር አላጣችም፤ የሚሰማትን ድምፅ ካወቀችው ነገር ጋር ስታገናኝ ለማየት በቃሁ። ዛሬ አፏ አያርፍም። ገላዋን ስትታጠብ መሣሪያውን ታወልቅና ወሬውን ካቆመችበት በእጇ ትቀጥላለች።

ለቀብሩ ስደርስ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል። ሬሳው ከመነሣቱ በፊት የእድሩ ጸሐፊ የሕይወት ታሪኳን ያነብባል። ከስንዱ አጠገብ ቆሜ በእጄ እተረጉምላታለሁ። የትውልድ ቦታዋ ተነበበ፣ የሥራ ዘመኗ ተነበበ። ከዚያ ጸሐፊው፣ ማንበብና መጻፍን በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከመምህር እገሌ ተምረዋል ብሎ የእኔን ስም ጠራ። ተረጎምኩላት። ስንዱ እጇን አነሣች። ጸሐፊው አላያትምና ቀጠለ። እግሯን መሬቱ ላይ መታች፤ ሰው ሁሉ ዞረ።

በእጇ የምትለውን በድምፄ አወጣሁት። «ያስተማርኳት እኔ ነኝ ትላለች።»

ጸሐፊው ወረቀቱን እያየ ተደናገረ። ይቅርታ፣ በኋላ እናስተካክለዋለን፣ አሁን ሰዓቱም እየሄደ ነው አለ።

«ጻፈው» አልኩት።

ብዕር አልያዘም ነበር፤ ከኋላ አንዱ አቀበለው። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የእኔን ስም ሰረዘና ጻፈ። ስንዱ ሕዝቡን አልፋ ሄደች፣ ወረቀቱን ከእጁ ተቀበለች፣ ስሟን በጣቷ እየተከተለች ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አነበበችው። ሬሳው እንዲነሣ የፈቀደችው ከዚያ በኋላ ነው።